ስለ አይሶመሮች፤ ካርቦንና ሃይድሮጅን የሚጋጠሙበት ልዩ ልዩ መልክ በምን ሥርዓት እንደሚሣልና እንደሚቈጠር



ከፊደላችን ለ፤ በ፤ ሰ የሚባሉትን ሦስቱን ብንወስድና «ለበሰ» ብንል ልብስ ማድረግን እንናገራለን፤ «በሰለ» ብንል ወጡ ለመበላት መድረሱን እንናገራለን፤ «ሰለበ» ብንል ደግሞ ሰላቢ የሰውን በረከት መውሰዱን እንናገራለን። በሦስቱም ቃላት ውስጥ ያሉት ፊደላት እነዚያው ናቸው፤ አንድ አልተጨመረም፤ አንድም አልጐደለም። የተለወጠው ተራቸው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ተራቸው ቢለወጥ ትርጓሜያቸው እጅግ ተራራቀ። ስለዚህ ፊደላቱን ቈጥሮ የነገረን ሰው ቃሉን ነገረን ማለት አይደለም፤ ተራውን ጨምሮ እስኪነግረን ድረስ ቃሉን አናውቀውም።

በኬሚስትሪ ትምህርትም ነገሩ እንደዚሁ ነው። የግዙፍ ነገር ሁሉ ጥቃቅን መሠረት አቶም ይባላል፤ ብዙ አቶሞች ተያይዘው አንድ አካል ሲሆኑ ሞለኪውል ይባላል። ሁለት ሞለኪውሎች በአቶሞቻቸው ዓይነትና ቁጥር ፍጹም ተካክለው፤ በአጋጣጠማቸው ግን ቢለያዩ፤ አንዱ ለሌላው አይሶመር ነው ይባላል። የዚህም ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው፤ ቁጥርን ማወቅ ብቻውን ነገሩን ማወቅ አይደለምና፤ ተማሪው የአጋጣጠሙን መልክ ሁሉ አንድ ሳያስቀር፤ አንዱንም ሁለት ጊዜ ሳይቈጥር ለመሣል የሚችልበትን ሥርዓት መግለጽ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የነገሩ አመጣጥ

በ1820ዎቹ ዓመታት በጀርመን አገር ሁለት ወጣቶች የኬሚስትሪ ሊቃውንት ነበሩ፤ የአንዱ ስም ዩስቱስ ሊቢግ፤ የሁለተኛው ስም ፍሬድሪክ ቮለር ይባል ነበር። ሊቢግ የመረመረው ነገር በጥቂት መነካት የሚፈነዳ የብር ውሕድ ነበር፤ ቮለር የመረመረው ደግሞ እንደዚያ የማይፈነዳ ሌላ የብር ውሕድ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም በየበኩላቸው መዝነው ያገኙት አንድ ሆነ፤ ይኸውም አንድ ብር፤ አንድ ካርቦን፤ አንድ ናይትሮጅን፤ አንድ ኦክስጅን ነው። ሊቢግም በመጀመሪያ የቮለር ምርመራ ስሕተት ያለበት መሰለው፤ አንድ ዓይነት ድርሻ ያለው ነገር ሁለት ዓይነት ጠባይ ሊኖረው አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ዳግመኛ ሲመረመር ግን የሁለቱም ቁጥር እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ እነርሱም ከዚህ በኋላ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ወዳጆች ሆኑ።

በ1830 ዓመት የስዊድን ሊቅ ቤርዜሊዩስ ይህን የመሰለውን ነገር አይሶመር ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «እኩል ክፍል ያለው» ማለት ነው። ስሙ ግን ከምክንያቱ ቀድሞ ተገኘ፤ እኩል ክፍል ያላቸው ነገሮች በምን እንደሚለያዩ ገና የሚያስረዳ አልነበረም።

2ኛ፤ ስለ ካርቦን አራት እጅ

ምክንያቱ የተገለጸው በ1858 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ጀርመናዊው ኬኩሌና የስኮትላንዱ ሰው ኩፐር እየራሳቸው አንድ ነገር አስተማሩ፤ ይኸውም አንዱ የካርቦን አቶም ሌሎችን አቶሞች የሚይዝበት አራት ማያያዣ እንዳለው፤ ደግሞም ካርቦን ከካርቦን ጋር ተያይዞ እንደ ሰንሰለት ሊረዝም እንደሚችል ነው። ካርቦን የከሰል ዋና ክፍል ነው፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ከጋዞች ሁሉ የቀለለው ሲሆን በውሃ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ይገኛል። ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ ነገር ሃይድሮካርቦን ይባላል። በመኪና ውስጥ የሚቃጠለው ቤንዚን፤ በፋኖስ የሚነደው ነጭ ጋዝ፤ በከተማ ቡታ ጋዝ እየተባለ በብረት ጠርሙስ የሚሸጠው፤ እነዚህ ሁሉ በብዛታቸው የሃይድሮካርቦን ቅልቅል ናቸው።

ለተማሪ እንዲቀለው ማያያዣውን እጅ ብለን እንጥራው። ካርቦን አራት እጅ አለው፤ ሃይድሮጅን አንድ እጅ አለው። ሕጉም ይህ ነው፤ ባዶውን የሚቀር እጅ የለም። በውጭ አገር መጻሕፍት ሁለቱ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ካርቦንን ካ፤ ሃይድሮጅንን ሃ ብለን እንጽፋለን፤ ከፊደሉ በኋላ ያለው አኃዝ የአቶሞቹን ብዛት ያመለክታል።

አንድ ካርቦን አራት ሃይድሮጅን ይዞ ካ1ሃ4 ሲሆን ሜቴን ይባላል። ሁለት ካርቦን እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት እጅ ይተርፋቸዋልና ካ2ሃ6 ይሆናል፤ ስሙም ኤቴን ነው። ሦስት ካርቦን ሲሆኑ ደግሞ የመካከለኛው በሁለት እጁ ሁለቱን ጎረቤቶቹን ስለ ያዘ ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ ይይዛል፤ ድምሩ ካ3ሃ8 ነው፤ ስሙም ፕሮፔን ነው። ከዚህ አጭር ሕግ ይወጣል፤ የካርቦኑን ቁጥር በሁለት አባዝተህ ሁለት ጨምር፤ የሃይድሮጅኑን ቁጥር ታገኛለህ። ሕጉ የሚያገለግለው በሁለት ካርቦኖች መካከል አንድ ማያያዣ ብቻ ሲኖርና ሰንሰለቱ ዞሮ ራሱን ሳይገጥም ሲቀር ነው።

ሜቴን፤ ኤቴንና ፕሮፔን አጋጣጠማቸው አንድ ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዎች እጅ ለእጅ ቢያያዙ አንዱ በመካከል ከመቆም በቀር ሌላ መንገድ እንደሌላቸው ነው። ልዩነት የሚጀምረው ከአራተኛው ነው።

3ኛ፤ ቡቴን፤ የመጀመሪያው ልዩነት

አራት ካርቦንና አሥር ሃይድሮጅን ያለው ካ4ሃ10 ቡቴን ይባላል። ሃይድሮጅኖቹን ለጊዜው ትተን ካርቦኖቹን ብቻ እንሣል፤ የካርቦኑ አጥር ከቆመ በኋላ ባዶ እጅ ሁሉ ሃይድሮጅን ይሞላበታልና ምንም አይጠፋም።

የመጀመሪያው መልክ፤ ካ–ካ–ካ–ካ

ሁለተኛው መልክ፤ ካ–ካ(ካ)–ካ

በቅንፍ የተጻፈው ካ ከቅንፉ በፊት ባለው ካ ላይ እንደ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለ ነው። በመጀመሪያው መልክ ከሁለት ካርቦን በላይ የያዘ ካርቦን የለም፤ በሁለተኛው ግን የመካከለኛው ሦስት ካርቦኖችን ይዟል። ሃይድሮጅናቸው ቢቈጠር በሁለቱም አሥር ነው። ሆኖም ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ቀጥ ያለው ቡቴን የሚፈላው ከዜሮ ሴንቲግሬድ በታች በግማሽ ዲግሪ ያህል ሲሆን ቅርንጫፍ ያለው፤ ማለት አይሶቡቴን፤ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ያህል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በካዛን ከተማ ያስተምር የነበረው የሩሲያ ሊቅ ቡትሌሮቭ በ1861 ዓመት የአንድ ነገር ጠባይ የሚወሰነው በአቶሞቹ አያያዝ ነው ብሎ አስተማረ። በዚህም ትምህርት ሁለተኛው ቡቴን ሊኖር ይገባል ብሎ አስቀድሞ ተናገረ፤ በ1860ዎቹም ዓመታት ራሱ በሥራ ቤቱ ሠርቶ አሳየው። እንግዲህ ሥዕሉ የነገሩ ጥላ ብቻ አልሆነም፤ ማንም ያላየውን ነገር አስቀድሞ የሚያመለክት መሪ ሆነ እንጂ። ተማሪው ሁሉንም መልክ ሳያስቀር መሣል የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ያልሣለው መልክ ይኖር እንደ ሆነ ሊጠይቅበት አይችልም።

4ኛ፤ እውነተኛ ልዩነትና ልዩነት መስሎ የሚታይ

ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ነው። አንዱ ተማሪ ካ–ካ–ካ ብሎ ሦስቱን በአግድም ይጽፍና አራተኛውን ከሦስተኛው በታች ያንጠለጥለዋል፤ ከዚያም «ሦስተኛ ቡቴን አገኘሁ» ይላል። ነገር ግን ያገኘው አዲስ ነገር አይደለም። ጣትህን ከመጀመሪያው ካ ላይ አኑረህ መስመሩን ብትከተል፤ አንድ፤ ሁለት፤ ሦስት ብለህ ወደ ታች ትታጠፍና አራት ትላለህ፤ በመንገድህም ቅርንጫፍ አላገኘህም። ስለዚህ ይህ ያው ቀጥ ያለው ቡቴን ነው። ገመድ ተጣጥፎ ቢቀመጥ ሌላ ገመድ እንደማይባል፤ የታጠፈ ሰንሰለትም ሌላ አይባልም።

ምክንያቱንም ማወቅ ይገባል። በ1874 ዓመት የሆላንዱ ሰው ቫንት ሆፍና ፈረንሳዊው ለ ቤል የካርቦን አራት እጆች በሰሌዳ ላይ እንደምንሥላቸው በአንድ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ የተዘረጉ እንዳይደሉ፤ ነገር ግን እንደ ሦስት ማዕዘን ድንኳን አራት ጫፎች በየአቅጣጫው የተዘረጉ መሆናቸውን አስረዱ። በአንድ ማያያዣ የተያዙ ሁለት ካርቦኖች ደግሞ በማያያዣቸው ዙሪያ ይዞራሉ። ስለዚህ በሰሌዳ ላይ የሚታየው ወደ ላይ፤ ወደ ታች፤ ወደ ቀኝ፤ ወደ ግራ ማለት የጸሐፊው እጅ እንጂ የነገሩ ጠባይ አይደለም። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ማን ማንን ይዟል?

5ኛ፤ የአሣሣሉ ሥርዓት

አንድም እንዳይቀር፤ አንዱም እንዳይደገም፤ ሥራው በዘፈቀደ ሳይሆን በተራ መሄድ አለበት። ሥርዓቱም ይህ ነው።

መጀመሪያ፤ ካርቦኖቹን ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ ሐረግ ጻፍ። ይህ አንደኛው መልክ ነው።

ሁለተኛ፤ ከሐረጉ አንድ ካርቦን ቀንስ፤ የቀረው ግንድ ይባላል፤ የተቀነሰው ቅርንጫፍ ይሆናል። ቅርንጫፉን በግንዱ ላይ በየተራው ስቀል። ነገር ግን በግንዱ ጫፍ ላይ አትስቀል፤ በጫፍ የተሰቀለ ግንዱን መልሶ ያረዝመዋል እንጂ ቅርንጫፍ አይሆንም።

ሦስተኛ፤ ግንዱን ከግራም ከቀኝም ቍጠር። ከግራ 2ኛ የሆነው ከቀኝም 2ኛ ከሆነው ጋር አንድ ነው፤ ግንዱን ብታዞረው አንዱ በሌላው ቦታ ይገኛልና።

አራተኛ፤ ሁለት ካርቦን ቀንሰህ እንደዚሁ አድርግ። ሁለቱን አንድ ጊዜ ለየብቻቸው ስቀላቸው፤ ሌላ ጊዜ አያይዘህ እንደ አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ስቀላቸው። ሁለት ካርቦን ያለው ቅርንጫፍ ግን ከጫፍ 2ኛ በሆነው ላይ አይሰቀልም፤ በዚያ ቢሰቀል እርሱ ከግንዱ ጫፍ ይልቅ ይረዝምና ራሱ ግንድ ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱም ጫፍ 3ኛ ወይም ከዚያ ወዲያ መሆን አለበት።

አምስተኛ፤ ግንዱ ሊሸከም የማይችልበት ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ቀጥል። አንዱ የግንድ መካከል ካርቦን ከሁለት ቅርንጫፍ በላይ አይሸከምም፤ ሁለት እጆቹ በግንዱ ተይዘዋልና።

ይህን ሥርዓት በፔንቴን፤ ማለት በካ5ሃ12 ላይ እንፈትነው።

ግንዱ አምስት ሲሆን፤ ካ–ካ–ካ–ካ–ካ

ግንዱ አራት ሲሆን፤ ካ–ካ(ካ)–ካ–ካ

ግንዱ ሦስት ሲሆን፤ ካ–ካ(ካ)(ካ)–ካ

በአራቱ ግንድ ላይ ቅርንጫፉ በ3ኛው ቢሰቀል ከሌላው ጫፍ 2ኛ ስለ ሆነ አዲስ አይደለም። በሦስቱ ግንድ ላይ ሁለቱን ካርቦኖች አያይዘን በመካከለኛው ብንሰቅላቸው ደግሞ ግንዱ አራት ይሆንና ወደ ሁለተኛው መልክ እንመለሳለን። ስለዚህ ፔንቴን ሦስት ነው፤ ከሦስት አያልፍም፤ ከሦስትም አያንስም። የመጀመሪያው በ36 ዲግሪ፤ ሁለተኛው በ28 ዲግሪ፤ ሦስተኛው በ9 ዲግሪ ተኩል ይፈላል። እነዚህ ቁጥሮች በባሕር ወለል የተለኩ ናቸው፤ ውሃ በደጋ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ እነዚህም በደጋ ቀድመው ይፈላሉ። ይህን ልብ በሉ፤ ዛሬ በማለዳ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ በባሕር ዳርቻ ሦስቱን ብናስቀምጣቸው ሁለቱ ፈሳሽ ሲሆኑ ሦስተኛው ጋዝ ሆኖ ይበናል። በቁጥር አንድ ናቸው፤ በአያያዝ ግን ሦስት ናቸው። ቀጥ ያለው እንደ ተዘረጋ ዘንግ ከጎረቤቱ ጋር በረጅሙ ይነካካል፤ ተሰብስቦ እንደ ኳስ የሆነው ግን በጥቂቱ ብቻ ይነካካልና በትንሽ ሙቀት ይለያያል።

ሄክሴን፤ ማለት ካ6ሃ14፤ በዚሁ ሥርዓት አምስት ነው።

ግንዱ ስድስት ሲሆን አንድ፤ ካ–ካ–ካ–ካ–ካ–ካ

ግንዱ አምስት ሲሆን ሁለት፤ ካ–ካ(ካ)–ካ–ካ–ካ እና ካ–ካ–ካ(ካ)–ካ–ካ

ግንዱ አራት ሲሆን ሁለት፤ ካ–ካ(ካ)(ካ)–ካ–ካ እና ካ–ካ(ካ)–ካ(ካ)–ካ

ግንዱ ሦስት ቢሆን ሦስት ካርቦኖች ይተርፋሉ፤ የመካከለኛው ግን ሁለት እጅ ብቻ ቀርቶታልና ሊሸከማቸው አይችልም። በዚህ ሥራው ይፈጸማል። ተማሪው «ሌላ የለም» ለማለት የሚደፍረው ሌላ ስላልታየው አይደለም፤ ሌላ ሊኖር የማይችልበትን ምክንያት ስላወቀ ነው።

6ኛ፤ ስም እንደ ዳኛ

ሁለት ተማሪዎች ሁለት ሥዕል ይዘው «የእኔ ሌላ ነው፤ የእኔ ሌላ ነው» ብለው ቢከራከሩ የሚፈርድላቸው ስም ነው። በ1892 ዓመት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በጄኔቫ ከተማ ተሰብስበው የአሰያየም ሕግ ወሰኑ፤ ዛሬ የሚሠራበት ሕግ ከዚያ የተስፋፋ ነው። አጭሩ ይህ ነው፤ ከሁሉ የረዘመውን ሐረግ ፈልገህ ግንድ አድርገው፤ ለቅርንጫፉ ከሚቀርበው ጫፍ ጀምረህ ቍጠር፤ ቅርንጫፉ ያለበትን ቦታ በቁጥር ተናገር። አንድ ካርቦን ያለው ቅርንጫፍ ሜቲል፤ ሁለት ካርቦን ያለው ኤቲል ይባላል። ስለዚህ ሁለተኛው ፔንቴን 2-ሜቲልቡቴን ነው፤ ሦስተኛው 2፣2-ዳይሜቲልፕሮፔን ነው፤ ዳይ ማለት ሁለት ማለት ነው። ሁለት ሥዕሎች በትክክል ተሰይመው ስማቸው አንድ ከሆነ፤ መልካቸው ቢራራቅም አንድ ናቸው፤ ስማቸው ከተለየ መልካቸው ቢቀራረብም ሁለት ናቸው።

7ኛ፤ ቁጥሩ እንዴት እንደሚበዛ

ካርቦኑ በአንድ ሲጨምር መልኩ በአንድ ብቻ አይጨምርም። ቡቴን 2፤ ፔንቴን 3፤ ሄክሴን 5፤ ሄፕቴን 9፤ ኦክቴን 18፤ ኖኔን 35፤ ዴኬን 75 መልክ አላቸው። ሃያ ካርቦን ሲደርስ 366,319 ይሆናል።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አርተር ኬይሊ ይህን ቁጥር በሒሳብ ለማግኘት ደከመ፤ እርሱም እነዚህን የመሰሉ ሥዕሎች በሒሳብ ቋንቋ «ዛፎች» ይላቸው ነበር። በ1875 ዓመት ባወጣው ዝርዝር ለ12 ካርቦን 357፤ ለ13 ካርቦን 799 ብሎ ጻፈ፤ እውነተኛው ግን 355 እና 802 ነው። በአንዱ ሁለት አብዝቶ ቈጠረ፤ በሌላው ሦስት አጐደለ። በ1931 ዓመት ሄንዝና ብሌር የሚባሉ አሜሪካውያን ቁጥሩን ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያደርስ የታረመ የሒሳብ መንገድ አሳተሙ። እንግዲህ በሰሌዳው ላይ አንዱን ደግሞ የቈጠረ ወይም አንዱን የዘነጋ ተማሪ ሊናቅ አይገባውም፤ ታላቁ ሊቅም የተሰናከለው በዚህችው ድንጋይ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱን እንዲጠብቅ ይመከር።

እስካሁን የተናገርነው በሁሉ ዘንድ አንድ ማያያዣ ብቻ ላላቸው ነው። ሁለት ሃይድሮጅን ቢጐድል፤ ማለት ካ4ሃ8 ቢሆን፤ ወይም ሁለት ካርቦኖች በሁለት እጅ ይያያዛሉ፤ ወይም ሰንሰለቱ ዞሮ ቀለበት ይሆናል። በዚህ ጊዜ አያያዙ አምስት መልክ አለው፤ ካ=ካ–ካ–ካ፤ ካ–ካ=ካ–ካ፤ ካ=ካ(ካ)–ካ፤ አራቱ የተያያዙበት ቀለበት፤ የሦስት ቀለበት ሆኖ አንዱ የተንጠለጠለበት። ደግሞም እንደ ቀኝና ግራ እጅ በአያያዝ ተካክለው በአቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ አሉ፤ እነዚያ የሌላ ትምህርት ክፍል ስለ ሆኑ በዚህ ቁጥር አልገቡም።

8ኛ፤ ይህ ዕውቀት ለምን ይጠቅማል

«ይህ ሁሉ የሰሌዳ ጨዋታ ነው» የሚል ቢኖር፤ በመንገድ የምናየውን መኪና ይመልከት። በቤንዚን ሞተር ውስጥ የቤንዚንና የአየር ቅልቅል ተጨምቆ በብልጭታ ይቀጣጠላል። ቅልቅሉ ጊዜውን ሳይጠብቅ በራሱ ቢነድ ሞተሩ በመዶሻ እንደሚመታ ያህል ይንኳኳል፤ ኃይሉ ይደክማል፤ ብረቱም ይጐዳል። ቤንዚን ይህን ለመታገሥ ያለው ችሎታ ኦክቴን በሚባል ቁጥር ይለካል። ለመለኪያውም ሁለት ነገሮች ተመርጠዋል፤ ቀጥ ያለው ሄፕቴን 0 ተባለ፤ አይሶኦክቴን የሚባለው ቅርንጫፋም ኦክቴን፤ ማለት ካ–ካ(ካ)(ካ)–ካ–ካ(ካ)–ካ፤ 100 ተባለ።

አሁን ቀጥ ያለውን ኦክቴን ከዚህ ጋር አስተያዩ። ሁለቱም ካ8ሃ18 ናቸው፤ አንድ አቶም እንኳ አይበላለጡም። ነገር ግን ቅርንጫፋሙ 100 ሲሆን ቀጥ ያለው ከዜሮ በታች ነው። አንዱ ሞተሩን ያለ ጉዳት ያስኬዳል፤ ሌላው ብቻውን ቢቀዳለት ያንኳኳዋል።

ይህም በሰው ጤና ላይ የደረሰ ነገር ነው። ከ1923 ዓመት ጀምሮ መንኳኳቱን ለማስቀረት የእርሳስ ማዕድን ውሕድ በቤንዚን ውስጥ እየተጨመረ ይሸጥ ነበር። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሞተሩ ጢስ ጋር እየወጣ አየሩንና አፈሩን አበላሸ፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ጐዳ። ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ሁሉ የጠፋው በ2021 ዓመት ነው። እርሳሱን ለመተው ካስቻሉት መንገዶች አንዱ በማጣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ቀጥ ያሉትን ሐረጎች ወደ ቅርንጫፋም መልክ መለወጥ ነው፤ ማለት አንዱን አይሶመር ወደ ሌላው ማድረግ። መርዝ ተጨምሮ ይደረግ የነበረውን የአቶሞቹን አያያዝ በማስተካከል ማድረግ ተቻለ።

9ኛ፤ በመንደር ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚማሩት

ለዚህ ትምህርት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በ1865 ዓመት ሆፍማን የሚባል ሊቅ በለንደን ሲያስተምር ለመጫወቻ የሚሆኑ የእንጨት ኳሶችን ቀለም ቀብቶ በዘንግ አያይዞ ያሳይ ነበር፤ ካርቦንን ጥቁር፤ ሃይድሮጅንን ነጭ ያደረገው እርሱ ነው፤ እስከ ዛሬም ልማዱ አልተለወጠም። በመንደር ግን ጭቃ አድቦልቡሎ በከሰል ማጥቆር፤ ለሃይድሮጅን ውሃ የጠጣ ሽምብራ መውሰድ፤ ለማያያዣ ስንጥር መጥረብ ይበቃል። ጭቃው ሳይደርቅ አራት ስንጥር ይሰካበት፤ ስንጥሮቹም በአንድ ሜዳ ላይ ሳይሆን እርስ በርሳቸው እኩል ተራርቀው ይሰኩ። ልጆቹ በእጃቸው ሲያጣጥፉት የታጠፈው ሐረግ አዲስ ነገር አለመሆኑን ያለ ብዙ ቃል ያስተውላሉ። ቤንዚንንና ቡታ ጋዝን ግን ለማሳያ ብሎ ወደ ክፍል ማስገባት አይገባም፤ ትነታቸው ከሩቅ እሳት ይስባልና።

መምህሩ ትምህርቱን በእነዚህ ጥያቄዎች ይፈትን።

ጥያቄ፤ አይሶመር ማለት ምን ማለት ነው? መልስ፤ በአቶሞች ዓይነትና ቁጥር ተካክሎ በአያያዝ የተለየ ማለት ነው።

ጥያቄ፤ ካርቦን በግንዱ ጫፍ ላይ ቢሰቀል ቅርንጫፍ ነውን? መልስ፤ አይደለም፤ ግንዱን ያረዝመዋል እንጂ።

ጥያቄ፤ ሁለት ሥዕሎች አንድ መሆናቸው በምን ይታወቃል? መልስ፤ ማን ማንን እንደ ያዘ በመከተልና በሕጉ በመሰየም።

ጥያቄ፤ የሄፕቴን፤ ማለት የካ7ሃ16፤ መልኮች ስንት ናቸው? መልስ፤ ዘጠኝ ናቸው። ግንዱ ሰባት ሲሆን አንድ ነው። ግንዱ ስድስት ሲሆን ቅርንጫፉ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ነውና ሁለት ነው። ግንዱ አምስት ሲሆን ሁለቱ ካርቦኖች ለየብቻቸው በ2ኛውና በ2ኛው፤ በ2ኛውና በ3ኛው፤ በ2ኛውና በ4ኛው፤ በ3ኛውና በ3ኛው ይሰቀላሉ፤ ይህ አራት ነው፤ ተያይዘው ደግሞ በ3ኛው ላይ ይሰቀላሉ፤ ይህ አንድ ነው። ግንዱ አራት ሲሆን ሁለቱ በ2ኛው፤ አንዱ በ3ኛው ይሰቀላሉ፤ ይህም አንድ ነው። ድምሩ ዘጠኝ።

ይህን መልስ መምህሩ አስቀድሞ ለልጆች አይንገራቸው፤ በየበኩላቸው ሠርተው አንዱ ሰባት፤ ሌላው አሥራ አንድ ይዞ ይምጣ። ከዚያ በኋላ የጐደለበት የጐደለውን፤ የተረፈበት የደገመውን በሥርዓቱ እየፈለገ ያግኝ። በዚህ ዓይነት ዘጠኝን ያገኘ ልጅ፤ ዘጠኝ መሆኑን ከሰማ ልጅ ይልቅ ያውቃል።